ላይኛው ብረት

ዝገት ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን፣ ከጀርባው እስከ ጎኑ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ብሎ የወጣ ቀይ ዝገት፣ ሰው እንዴት የሽጉጥ ብረት በካልሲ ጠቅልሎ ያስቀምጣል፣ ያውም በሱፍ ካልሲ፣ ያውም ግድግዳው በሚያልበው ምድር ቤት፣ ይላል ሎርን ለራሱ፣ ይበል እንጂ አልተናደደም፣ ንዴቱን ሲፈልገው የለም፣ የጋራዡን በር ከፍቶ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሯል፣ የሰኔ ፀሐይ እስከ ጉልበቱ ገብታለች፣ ውሻው ፀሐይዋ ላይ ተዘርግቶ ይተነፍሳል። ቅዳሜ። ንፋስ። ከመንገዱ ማዶ የታጨደ ሣር ሽታ።

ሜርል ነው ያመጣው፣ ጠዋት፣ መኪናውን ሳያጠፋ ወርዶ በር አንኳኳ፣ ሜርል በሰላሳ ዓመት ጎረቤትነቱ አንድም ቀን በር አንኳኩቶ አያውቅም፣ ሰተት ብሎ ነው የሚገባው። እንካ አለው። ምንድነው? ብረትህ ነዋ። ሎርን ካልሲውን ፈታ፣ አየ፣ አንተ አረመኔ ይሄን ምን አደረግከው፣ ሾርባ ቀቀልክበት? ሜርል ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ የኔ ብረት ሁሉ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ አለ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ ደህና ነህ አይደል? ደህና ነኝ። እርግጠኛ? ደህና ነኝ አልኩህ እኮ ሜርል። በል እንግዲህ። ሄደ። አስራ ስድስት ወር የጠበቀውን ነገር በሁለት ደቂቃ አስረክቦ ሄደ፣ ሎርን ካልሲውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ደጃፉ ላይ ቀረ፣ አመሰግናለሁ ሳይል። አፉ ላይ ነበረች። ምላሱ ጫፍ ላይ። ሰው ስድሳ አራት ዓመት ኖሮ አንዲት ቃል እንዴት ታቅተዋለች።

ቀስ በል። መጀመሪያ አፈሙዙ። ከፊት ያለውን ቀለበት ያዞረዋል፣ ሞላውን በአውራ ጣቱ አፍኖ ያወጣዋል፣ አፈሙዙን ስቦ ወደ ብርሃኑ ይይዘዋል፣ በአንድ ዓይኑ ያያል፣ ውስጡ ንጹሕ ነው፣ ጠመዝማዛው መስመር እንደ አዲስ ያበራል፣ ተመስገን፣ እዚህ ድረስ ካልሲው አልዘለቀም። ሽጉጥ እኮ ሁለት ነገር ነው፣ ታች እጀታውና ምላጩ፣ ላይ ደግሞ ሲያቀባብሉት ወደ ኋላ የሚሳበው ይሄ ረጅም ብረት፣ አንዱ ያለ አንዱ ምንም ነው፣ ታችኛው ብቻውን ከበር እጀታ አይሻልም፣ አስራ ስድስት ወር ሙሉ ታችኛው እዚህ መሳቢያ ውስጥ፣ ላይኛው ሜርል ምድር ቤት፣ መሀላቸው ስድስት ኪሎሜትር ጠጠር መንገድ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ግትር ሰው።

አሁን መርፌው፣ ጥይቷን ከኋላ የሚወጋው፣ እሱን ማውጣት ነው ጣጣው። የአባቱ ድምፅ። መርፌውን ስትነካ ፊትህን አዙር፣ ሞላ ዓይን አይመርጥም። አባቱ የገጠር ፖስታ አዳይ ነበር፣ በቀን መቶ ሰባ ኪሎሜትር፣ ሽጉጡ ከወንበሩ ሥር፣ ለሰው አልነበረም፣ መኪና ገጭቷት መንገድ ዳር የምታቃስት አጋዘን ስታጋጥመው ሊያሳርፋት ነበር፣ ከተኮሰ በኋላ ኮፍያውን አውልቆ ትንሽ ይቆማል፣ ለአጋዘን፣ ሰዎች ይስቁበት ነበር፣ ያ የፖስታው ትቬይት ለአጋዘን ጸሎት ያደርሳል እያሉ። ሎርን አልሳቀም። ሎርን ያን ኮፍያ ማውለቅ አይቶ ነው ስለ ሞት የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው፣ ሞት ቀላል ነገር እንዳልሆነ፣ እንግዲህ ያን እያወቀ

ተወው። ሥራህን ሥራ። ቀጭኑን ዘንግ መርፌው ላይ አስደግፎ ይጫናል፣ በሌላው እጁ ትንሿን ክዳን ወደ ታች ያንሸራትታል፣ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ አውራ ጣቱ አንዲት ቅጽበት ዘገየ፣ ጢን! ሞላው ተፈናጠረ፣ መርፌውን ይዞ በጆሮው ሥር አለፈ፣ ጣሳ መታ፣ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ውሻው አንገቱን ቀና አደረገ። ምን ታየኛለህ ሙስ፣ አዎ፣ ፊቴን አላዞርኩም፣ ለአባቴ እንዳትነግር።

በጉልበቱ ወረደ፣ ጉልበቱ ተሳደበ፣ እጁን ጠረጴዛው ሥር ሰደደ፣ አቧራ፣ ብሎን፣ የደረቀ ፌንጣ፣ ይኸው መርፌው፣ ይኸው ሞላው፣ ሌላም ነገር እጁ ላይ ተጣበቀ፣ ወረቀት፣ አይደለም ፕላስተር ነው፣ የቀለም ቀቢ ፕላስተር፣ ቁራጭ፣ ወደ ብርሃኑ አወጣው፣ በራሱ ጽሑፍ፣ በዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት የከብት ማኅተም ተቆጣጣሪ ሆኖ መዝገብ በሞላበት ቀጥ ባለ ጽሑፍ፣ ሜርል፣ መብሻ ማሽን።

ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

የአምና የካቲት። በየዕቃው ላይ የለጠፈውን ሁሉ ነቅሎ ያነሣው መስሎት ነበር። መሰላሉ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ መጋዙ ለእንትና፣ ትልቁ ማቀዝቀዣ ለእንትና፣ ሁለት ቀን ፈጀበት፣ እንዴት ተጠንቅቆ ነበር የጻፈው፣ ሰው እንዳይቸገር፣ ዕቃ የማን ነው እየተባለ ማንም እንዳይጨቃጨቅ፣ ያን ሁለት ቀን እኮ ሰላም ነበረው፣ እሱ ነው ዛሬ የሚያስፈራው፣ ሀዘኑ አይደለም ሰላሙ። ሚስቱ አርዲስ ከሞተች አራት ወሯ ነበር። ቆሽቷ ላይ የወጣ ካንሰር፣ ከምርመራው እስከ መቃብሩ አስራ አንድ ሳምንት፣ እሷ ጋዜጣ ላይ የሙታን ዜና ጮክ ብላ የምታነብ ሴት ነበረች፣ አልጋ ላይ ሆና እንኳ፣ ሎርን አደራህን የሰማንያዎቹን ፎቶዬን እንዳታወጣ፣ ያ ጸጉሬ ከብት ያስበረግጋል፣ ብላ ስቃ ነበር፣ እሱም ስቆ ነበር፣ ከዚያ እሷ ስትሄድ ሳቁ ከሷ ጋር ሄደ፣ ምግቡም እንቅልፉም ተከታትለው ሄዱ፣ ውሻውን ለእህቱ ልጅ ለጁኒ ሰጠው፣ አለርጂ ሆነብኝ ብሎ፣ አለርጂ! አስር ዓመት አብሮት ከተኛ ውሻ።

ከዚያ ቧንቧው ፈነዳ።

ይሄን አሁንም ያስባል፣ ቧንቧ ባይፈነዳ፣ ያን ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ባይደርስ፣ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ያለችው ያች አሮጌ ቱቦ ባትቀደድ፣ ውሃው በውጪው ግድግዳ ወርዶ እንደ በረዶ ምሰሶ ባይረጋ፣ ሜርልም ወደ ሥራው ሲያልፍ ምሰሶውን ከመንገድ ባያይ። እሱ አልጠራውም። ማንንም አልጠራም ነበር። ሜርል ሰተት ብሎ ገባ፣ ሰውዬ ቤትህ እያለቀሰ ነው እኮ፣ አልሰማህም? ብሎ ሱሪው እስኪበሰብስ ድረስ ከማጠቢያው ሥር ገባ፣ እየተሳደበ፣ እየዘፈነ፣ ትልቁ መፍቻህ የት ነው? ጋራዥ። ወደ ጋራዥ ወጣ።

አልተመለሰም። ሎርን ወጥ ቤት ቆሞ ውሃው ሲንጠባጠብ ይቆጥራል፣ ሜርል አልተመለሰም፣ ሲመለስ መፍቻ አልያዘም።

ስሜ መብሻው ላይ ምን ይሠራል?

ስትፈልገው እንድትወስደው ብዬ።

መቼ ነው የምፈልገው?

ሎርን ወደ መስኮቱ ዞረ።

ውሻውስ?

ለጁኒ ሰጠሁት፣ አለርጂ

ሎርን። እየኝ። እኔን እየኝ እንጂ መስኮቱን አትይ። ራስህን ልትገድል ነው?

እንዲህ ነው ያለው፣ እንዲሁ፣ ቱቦው የት ጋ ነው የተቀደደው ብሎ እንደሚጠይቅ፣ በዚያው ድምፅ። ፓስተሩ መጥቶ አበረታትቶት ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ በሳህን በሳህን ምግብ አምጥቶ ነበር፣ ጊዜ ይወስዳል ያላለው የለም፣ ማንም ግን ይቺን አልጠየቀውም፣ ሰው ቃሉን ከጠራ ነገሩን የሚጠራ ይመስለዋል፣ ውሸት ነው፣ ሜርል ቃሉን ሲጠራት እኮ ከሎርን ደረት ላይ ድንጋይ የተነሣ ያህል ነበር። አላውቅም፣ አለ። በዚያ ክረምት የተናገራት እውነት እሷ ብቻ ነበረች። አላውቅም ሜርል። ሜርልም ከነእርጥብ ሱሪው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፣ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ እሺ፣ እኔም አላውቅም፣ እንግዲህ ሁለታችን የማናውቅ ሰዎች ነን፣ አለ።

ሞላውን በጨርቅ ይጠርገዋል። መርፌውን ይጠርገዋል። ተነሥ ጉልበቴ።

የአደን ጠመንጃዎቹን ሦስቱንም ሜርል በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪናው ላይ ጫናቸው። ሽጉጡስ? የአባቴ ነው። እኮ የት ነው? የአባቴ ነው አልኩህ። ሜርል ራሱን አከከ፣ እሺ፣ ላይኛውን ብቻ ስጠኝ። ሙሉውን ውሰደው እንግዲህ ከፈለግክ። አልፈልግም፣ ሙሉውን ከወሰድኩ ያባትህን ንብረት የወሰደ ሌባ ነኝ፣ ግማሹን ከወሰድኩ ሸሪክህ ነኝ። ራስህ ንቀለው ታዲያ፣ አለው ሎርን፣ ሜርል ግን ሁለት እጁን አነሣ፣ እኔ ከቧንቧ በቀር ምን አውቃለሁ፣ አንተው ንቀልልኝ። ሎርንም ነቀለው፣ ላይኛውን ከታችኛው ለየውና ሰጠው።

ከቧንቧ በቀር ምን አውቃለሁ! ሜርል! ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አደን የወጣ ሰው፣ በክለቡ ውድድር ሁለት ጊዜ አንደኛ የወጣ ሰው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፈትቶ ይገጥመዋል እኮ፣ ሎርን ይሄ የገባው ስንት ወር ቆይቶ ነው፣ ፋርማሲ ተሰልፎ ሳለ፣ እንዲሁ ዱብ አለበት፣ አውቆ ነው፣ አውቆ ነው በገዛ እጄ ነቅዬ እንድሰጠው ያደረገኝ፣ አለና ሰልፉ መሀል ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ፣ ከፊቱ ያለችው ሴትዮ የሚውጠው ክኒን ጠንከር ያለ ሳይመስላት አልቀረም፣ ቦታዋን ሰጠችው።

የጥርስ ብሩሹ የት ሄደ። ይኸው። ፈሳሹን ነከር ያደርጋል፣ ሽታው ተነሣ፣ አርዲስ ይሄን ሽታ ወጥ ቤቷ ካገኘችው ወዮለት ነበር፣ ዛሬ ወጥ ቤቱ የሱ ብቻ ነው፣ ማንም አይከለክለው፣ እሱ ግን አሁንም ጋራዥ ነው የሚሠራው። ውስጡን ይፈትጋል፣ ሐዲዱን፣ ጥይቷ የምትቀመጥበትን ጥግ፣ ጥቁር ጭቃ ይወጣል፣ በጆሮ መጥረጊያ እንጨት ጥጉን፣ ቀለህ የሚጎትተውን ጥፍር አውጥቶ ለብቻው። ከዚያ ዝገቱ፣ በዘይት የራሰ ለስላሳ ሽቦ፣ ቀስ፣ በክብ በክብ፣ ኃይል አይወድም፣ ከበዛ ጥቁሩን ቀለም ይልጠዋል።

ሦስት ሳምንት ሜርልን ጠላው። ይሄንንም ማስታወስ ነው። አንድ ቀን ደውሎ ስድብ የተባለ ሁሉ አወረደበት፣ ሌባ፣ አስመሳይ፣ የሰው ቤት ገብተህ፣ ማን ሾመህ፣ ሜርል እስኪጨርስ ጠበቀው፣ ጨረስክ? ጨረስኩ። ሐሙስ እመጣለሁ፣ አለና ዘጋው። ሐሙስ መጣ። ጁኒ ጋ ሦስት ሰዓት ነድቶ ሄዶ ሙስን ኋላ ወንበር ላይ ጭኖ ነው የመጣው፣ አለርጂህን አምጥቼልሃለሁ፣ አለ። ከዚያ ዶክተር ጋ ራሱ ወሰደው፣ በዕድሜ ልጁ ልትሆን የምትችል ዶክተር፣ አቶ ትቬይት ይሄ ሀዘን ብቻ አይደለም ሕመምም አለበት፣ ሕመም ደግሞ ይታከማል፣ አለችው፣ ሜርል ውጭ ወንበር ላይ ስለ አትክልት የሚያወራ መጽሔት ገልብጦ ይዞ ያነብ ነበር፣ ገልብጦ! ከዚያ በኋላ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሰተት ብሎ ገብቶ፣ ብረትህ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል፣ ይላል። መጀመሪያ አላሳቀውም። ሰኔ ላይ፣ አምና ሰኔ፣ እኔም ሰላም ብዬዋለሁ በለው፣ አለ ሎርን ሳያስበው፣ ሁለቱም ተያዩ፣ ሜርል ዞር ብሎ ቧንቧውን ከፍቶ ዘጋው፣ የሚጠገን ነገር ሳይኖር።

ይጠርጋል። አብዛኛው ለቀቀ። ጥቂቱ ግን ብረቱን በልቶታል፣ ጥቃቅን ጉድጓድ፣ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል፣ አይወጣም፣ ቢፍቀውም አይወጣም። ይቀመጥ። አባቱ ቢያየው ይቆጣ ነበር፣ ወይም አይቆጣም፣ ለአጋዘን ኮፍያ የሚያወልቅ ሰው ለዚህ ምን ያወልቅ ነበር።

ሎርን ብረቱን መልስልኝ ያለው ሚያዝያ ላይ ነው፣ ሜርል እሺም እምቢም አላለም፣ ላስብበት አለ፣ ሁለት ወር አሰበበት፣ ቸኩሎ አልመለሰለትም፣ ፈርቶም አልከለከለውም፣ ዶክተሯንም ጠይቅ አለው፣ ጠየቃት፣ እሷ ደግሞ እውነቱን ነገረችው፣ ደህና ነህ፣ ግን መጥፎው ቀን ሊመለስ ይችላል፣ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ከተመለሰ መንገዱን አርዝምበት። መንገዱን አርዝምበት። ያን ጊዜ ቃሉ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

አሁን ይገጥማል። ጥፍሩን አስገባ፣ ሞላውን መርፌው ላይ፣ መርፌውን ቦታው፣ ተጫን፣ ክዳኗን ወደ ላይ፣ ፊቱን አዞረ በዚህኛው፣ ቀጭ። አፈሙዙን መለሰ፣ ሞላውን አፍኖ ቀለበቱን አዞረ። አንድ ጠብታ ዘይት በዚህ ሐዲድ፣ አንድ በዚያ። ላይኛው ብረት ሙሉ ሆነ። ያምራል። መሳቢያውን ከፈተ፣ ታችኛውን አወጣ፣ ደህና ነው፣ ዘይት ሲቀባው ኖሯል፣ በግራ እጁ ታችኛው፣ በቀኝ እጁ ላይኛው፣ ሐዲድ ከሐዲድ ማገናኘት ብቻ ነው የቀረው፣ አምስት ሰከንድ፣ አምስትም አይሞላም

እጁ ቆመ።

አልፈራም። ራሱን ይፈትሻል፣ ጉሮሮውን፣ ደረቱን፣ ፍርሃት የለም፣ ያ ክፉ ሰላምም የለም፣ የዛሬው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ ነገ እሑድ ነው፣ ሰኞ የጁኒን አጥር ሊያጥር ቃል ገብቷል። ግን ያ የየካቲቱ ሰውዬ የት ሄደ? በዚያ ቆንጆ ጽሑፍ ስም የሚጽፈው? የትም አልሄደም፣ ተኝቷል፣ ምናልባት እስከ ዘላለሙ ይተኛል፣ ምናልባት አንድ ክረምት ይነቃል፣ ቢነቃ ምን ያገኛል? አምስት ሰከንድ ያገኛል ወይስ ስድስት ኪሎሜትር? ድልድይ ያገኛል፣ ደረጃ ያገኛል፣ በሩን የሚከፍትለት ሰው ያገኛል፣ ምን ፈልገህ መጣህ ሎርን፣ ግባ፣ የሚለው ሰው። ለምን ይሄን እነፍገዋለሁ፣ ይላል ሎርን፣ እሱም እኮ እኔ ነው፣ ምስኪን፣ በርዶት ነበር።

ታችኛውን መሳቢያው ውስጥ መለሰና ስልኩን አወጣ፣ ጣቱ ዘይት ነው፣ መስታወቱ ላይ ይንሸራተታል።

ሄሎ? ሎርን? ምን ሆንክ?

ምንም አልሆንኩም።

አንተ ደውለህ አታውቅም፣ ከስድብ በቀር።

ብረቱን አጸዳሁት።

እሺ።

አንተ ጋ ይቀመጥልኝ።

የወንበር መንሸራተት። ቁልፍ ሲነሣ ይሰማል። መጣሁ፣ እዚያው ቆየኝ፣ ምንም እንዳታ

አይ፣ አይ፣ ሜርል ስማኝ፣ ቁጭ በል፣ አልከፋኝም። ደህና ስለሆንኩ ነው። ያኔ አንተ ነህ የጠየቅከኝ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምጠይቅህ፣ ማንም ሳያስገድደኝ። ገባህ?

ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ገባኝ፣ አለ ሜርል። ያው ምድር ቤት ነው የማስቀምጠው ታዲያ፣ ሌላ ቤት የለኝም።

አስቀምጠው። በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ አመጣዋለሁ፣ እንዳትፈታው።

እኔ ከቧንቧ በቀር

አውቃለሁ የምታውቀውን፣ አለ ሎርን፣ አውቃለሁ አንተ ውሸታም። ሜርል።

አቤት።

አመሰግናለሁ።

ወጣች። ይቺ ናት? ስትወጣ እኮ ትንሽ ነች፣ ተራ ነች፣ በር ሲከፍቱልህ የምትላት፣ ጨው ሲያቀብሉህ የምትላት፣ ሎርን ሌላ የሚጨምርባት ፈለገ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ሐሙሶቹ፣ ወለሉ ላይ ከነእርጥብ ሱሪህ ስለተቀመጥከው፣ አንድም አልመጣለት፣ ስልኩ ዝም አለ፣ ተቋረጠ እንዴ፣ አልተቋረጠም፣ ከሩቅ፣ ስልኩን ራቅ አድርጎ ይዞት መሆን አለበት፣ ሜርል እንደ ጭነት መኪና ጥሩምባ ሲናፈጥ ይሰማል። ከዚያ ተመለሰ፣ ምንም እንዳልሆነ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዶሎረስ ዓሣ እየጠበሰች ነው፣ ጠዋት ያጠመድኩት ነው፣ ስድስት ትልልቅ፣ እኔና ሚስቴ ስድስት ዓሣ ምን እናደርገዋለን፣ ድንች ይዘህ ና።

ድንች የለኝም።

ሆድህን ይዘህ ና እንግዲያው።

ሎርን ስልኩን ኪሱ ከተተ። እጁን በጋራዡ ቧንቧ ይታጠባል፣ በጥቁር ሳሙና፣ ሁለቴ፣ ውሃው ይወርዳል፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይንጠባጠብ፣ ጥሩ አድርጎ ሠርቶታል ያ ሰውዬ፣ ዓሣ፣ በቅቤ ይሆናል፣ ዶሎረስ ቅቤ አትቆጥብም፣ ቆዳው ቀጨጭ የሚል፣ ጠርዙ ቡናማ፣ ሎሚ ትጨምቅበታለች፣ አፉ ውሃ ሞላ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ተገረመ፣ ርቦታል፣ ሆዱ እንደ ጎረምሳ ይጮሃል፣ ተነሥ ሙስ፣ ግባ መኪናው ውስጥ፣ ቶሎ በል፣ ይቀዘቅዝብናል።